መጽሐፉን ዘግተህ ንገረኝ

የፈተና ወራት በተቃረበ ጊዜ በየቤቱ አንድ ዐይነት ነገር ይታያል። ተማሪው ከእራት በኋላ መብራቱን አስጠግቶ መጽሐፉን ይዘረጋል፤ እናት ታናናሾቹን «ዝም በሉ፣ ወንድማችሁ ያጠናል» እያለች ትቈጣለች፤ አባትም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ሌሊቱ ሲጋመስ ልጁ መጽሐፉን እንደ ተንተራሰ እንቅልፍ ይወስደዋል። በማግሥቱም ጎረቤት ሲጠይቅ «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አደረ» ተብሎ በደስታ ይነገራል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ድካምም ነው። ነገር ግን ጥናት ነውን? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ማንኛውንም ቤት የሚመለከት ቢሆንም፣ ከመካከለኛው አገር ርቀው ካሉት ከተሞቻችን ከአንዲቱ ብንጀምር ክብደቱ ይበልጥ ይገለጣል። ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቦረና ከተማ ናት። ስሟ ከሁሉ በፊት የሚነሣው በውኃ ጕድጓዶቿ ነው፤ ቦረናዎች «ቱላ ሰልገን» ብለው ከሚጠሩአቸው 9 የጥንት የጕድጓድ ስፍራዎች አንዱ በዚያ ይገኛል። አገሩ ዝናም አጠር፣ ኑሮውም በከብት ላይ የተመሠረተ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ 5 የዝናም ወራት በተከታታይ ከሽፈው በቦረና ምድር እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብቱ የቤቱ ሀብት ብቻ ሳይሆን የልጁ የደብተርና የልብስ መግዣም ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ወላጅ የቀረ ተስፋውን በልጁ ትምህርት ላይ ጥሎአል።

ያም ተስፋ በጠባብ በር የሚያልፍ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው የመጀመሪያ ውጤት፣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተከተለው ዓመት ውጤት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ የቀጠለው 5.4 በመቶ፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቍጥሩ ከፍ ማለት መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ዛሬም ከበሩ ይመለሳሉ።

የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። መምህር የሚጐድልበት፣ አንዱን መጽሐፍ ብዙ ልጅ የሚካፈልበት፣ ትምህርቱ ልጁ በቤቱ በማይሰማው ቋንቋ የሚሰጥበት ቦታ አለ። ስለዚህ ልጆችን ሁሉ ሰነፎች ብሎ መስደብ ፍርድ ማጉደል ነው። ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል አንዱ፣ ይኸውም የአጠናን ዘዴ፣ ያለ ገንዘብና ያለ መሥሪያ ቤት ፈቃድ በቤት ውስጥ ሊታረም የሚችል ነው። የሚያስተምረንም የሥነ ልቡና ትምህርት፣ ማለት ሳይኮሎጂ ነው።

ትምህርቱ የት ይገኛል

በእንግሊዝና በአሜሪካ ሳይኮሎጂ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሱን ችሎ የሚፈተኑበት የትምህርት ዐይነት ነው። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ መምህርነት የሚሠለጥኑ ሁሉ ይማሩታል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት «ጠቅላላ ሳይኮሎጂ» የተባለውን የጋራ ትምህርት ይወስዳል። ስለዚህ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍልን ፈተና የሚያልፍ የዱብሉቅ ልጅ፣ በሚመጣው ዓመት ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ መማር፣ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት፣ ስለ ፍላጎትና ስለ ጠባይ ይጠየቃል ማለት ነው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሌላው የሚለይ አንድ ነገር አለ። ጂኦግራፊ ስለ ተራራና ስለ ወንዝ፣ ኬሚስትሪ ስለ ንጥረ ነገር ያስተምራል፤ ሳይኮሎጂ ግን ስለ ራሱ ስለ ተማሪው ያስተምራል። «ማስታወስና መርሳት» የሚለውን ምዕራፍ የሚያነብ ልጅ የሚያነበው ሌሎቹን መጻሕፍት ሁሉ እንዴት ማጥናት እንደሚገባው ነው። ታዲያ ያን ምዕራፍ ለፈተና ብሎ እየሸመደደ፣ ምክሩን ግን በጥናቱ ላይ የማያውለው ተማሪ ብዙ ነው። ከዱብሉቅ ብዙ ሳይርቅ ኤል ሶድ የተባለ፣ በእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ የጨው ሐይቅ አለ፤ ይህ ተማሪ በኤል ሶድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ አልጫ የሚበላ ሰው ይመስላል።

የመርሳት ሕግ

ስለ ማስታወስ በመጀመሪያ በቍጥር የመረመረው ሄርማን ኤቢንግሐውስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ምርመራውን ያደረገው በራሱ ላይ ሲሆን፣ ትርጕም የሌላቸውን ፊደላት እያጋጠመ በተርታ በቃሉ ይይዝ ነበር። ቀደም ሲል የሚያውቀው ነገር እንዳይረዳው ሲል ነው ትርጕም የለሽ ቃል የመረጠው። ከያዘም በኋላ ጥቂት ቈይቶ እንደ ገና ያጠናቸውና ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደ ተረፈለት ይለካል። መጽሐፉን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. አሳተመ። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ሊቃውንት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ያገኘውም ይህ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከድካሙ 58 በመቶ ያህል ይተርፍለታል፤ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ 21 በመቶ። እንግዲህ መርሳት ቀስ እያለ የሚመጣ እርጅና አይደለም፤ ብዙውን የሚወስደው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ የተረፈው ጥቂት ግን ረጅም ዘመን ይቈያል። በእርግጥ ትርጕም ያለው ነገር ከትርጕም የለሹ ይልቅ ይጸናል፤ የአካሄዱ መልክ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ግኝቱ ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። 12 ቃላት ያሉትን አንድ ተርታ በአንድ ቀን 68 ጊዜ ደግሞ ካገኘው ጥቅም ጋር የሚተካከል ጥቅም፣ በ3 ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ብቻ በመድገም አገኘ። ድካሙ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ቃል በቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ ተቀምጦ እውነት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሌሊት መጽሐፍ ለመጨረስ የሚታገል ልጅ የሚከፍለው ዋጋ እጥፍ ነው፤ የሚያገኘው ዕቃ ግን ያው ነው።

ማንበብና ማወቅ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። አንድን ምዕራፍ ደጋግሞ ማንበብ ጥናት ነውን?

በ2006 ዓ.ም. ሄንሪ ሮዲገርና ጀፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን በተማሪዎች ላይ ፈተኑት። ተማሪዎቹ አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ በአንደኛው መንገድ ያንኑ ጽሑፍ እንደ ገና አነበቡት፤ በሁለተኛው መንገድ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። 5 ደቂቃ ቈይቶ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ከቃላቸው የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ፤ ደጋጋሚው አንባቢ በለጠ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42፣ ከቃላቸው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። በተከታዩም ሙከራ፣ ብዙ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ «እናስታውሰዋለን» ብለው የተማመኑ ሆነው ሳለ፣ ከሳምንት በኋላ ከሁሉ ያነሰ ያስታወሱት እነርሱ ሆኑ።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። የተነበበ ነገር ሲደገም ለዐይን ይለሰልሳል፤ «ይህንማ ዐውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ያድራል። ነገር ግን ያየነውን መለየትና ያላየነውን ከልብ ማውጣት ሁለት ልዩ ሥራዎች ናቸው። በገበያ ያየነውን ሰው ፊቱን እንለየዋለን፤ ስሙን ጥሩ ብንባል ግን እንጠፋለን። ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው። ደጋግሞ ማንበብ እያሣቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ ደስ እያሰኘ ይወስዳል፤ ልጁ መወሰዱን የሚያውቀው ከፈተናው አዳራሽ ውስጥ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጆን ደንሎስኪና ጓደኞቹ 10 የጥናት ዘዴዎችን መርምረው ሲመዝኑ፣ ከፍተኛ ጥቅም ያላቸው ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ገለጡ፤ አንደኛው ራስን መፈተን፣ ሁለተኛው ጥናትን በቀናት ማከፋፈል። ደጋግሞ ማንበብና ከመስመር በታች ማስመር ግን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ተመደቡ። ልብ በሉ፤ በየቤቱ «ጥናት» ተብሎ የሚከበረው ይኸው ሁለቱ ነው።

አባቶች የሚያውቁት

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ትምህርት መስሎ ሊታይ አይገባም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት አሠራር ሲታይ ዘዴው አስቀድሞ በቦታው አለ።

ሕፃኑ ፊደል ሲቈጥር 231ዱን ፊደላት ለየብቻቸው አይሸከምም፤ 33ቱን ቤት እያንዳንዱን በ7 ድምፅ እያዜመ ይይዛል። ይህ ሳይኮሎጂ «ጥቃቅኑን በአንድ ማሰር» ብሎ የሚያስተምረው ነው። ከዚያ በኋላ ግን መምህሩ አንድ ነገር ይጠራጠራል፤ ልጁ ፊደሉን ዐውቆት ነው ወይስ ዜማው እየመራው? ስለዚህ ተራው የተዘበራረቀውን አቡጊዳን ያስቈጥረዋል። በለመደው ተራ «ሀ ሁ» ብሎ የሚወርድ ልጅ «አ ቡ ጊ ዳ» ሲባል ከቆመ፣ ያወቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። በምዕራፉ ተራ ብቻ የሚያጠና የዛሬ ተማሪም ጥያቄው ተዘበራርቆ በፈተና ሲመጣበት የሚሆነው ይኸው ነው።

የቃል ትምህርት ደግሞ በብዙ ቦታ የሚሰጠው በምሽት ነበር። መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ ይላል፣ ታናሹ ይቀበላል፤ ነገ ማታ ደግሞ የትናንቱን ካላቀና አዲስ አይጨመርለትም። በቅኔ ቤትም ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ከፍ ያለውም ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ የሚታደርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በመናገር፣ በመታረምና በመመለስ ነው።

የቦረናም አባቶች በዚህ ረገድ የሚያስደንቁ ናቸው። ታሪካቸውን ሳይጽፉ፣ በየ8 ዓመቱ የሚፈራረቁትን የአባ ገዳዎች ስምና በዘመናቸው የሆነውን ነገር እየቈጠሩ ለብዙ ትውልድ አቈይተዋል። አስመሮም ለገሠ በ1973 ዓ.ም. ስለ ገዳ ሥርዐት መጽሐፍ ያሳተመ ሊቅ ሲሆን፣ ከቦረና የታሪክ ዐዋቂዎች መካከል አሬሮ ረመታ የተባሉት አባት በቃላቸው የነገሩትን መዝግቦ ለዓለም አስተዋውቋል። የገዳ ሥርዐት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው በጉባኤ እየተነገረ የኖረ ቃል ነው።

«የእነርሱ ልብ ከእኛ ልብ የተለየ ሆኖ ነውን?» ቢባል፣ የካምብሪጁ ፍሬዴሪክ ባርትሌት በ1932 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን ሰጥቶአል። ባርትሌት በደቡባዊ አፍሪካ በስዋዚዎች አገር አንድ እረኛ ከአንድ ዓመት በፊት የተገዙትን ከብቶች መልካቸውንና ዋጋቸውን እንዲናገር አስጠየቀው። እረኛው ከጥቂት ጥቃቅን ስሕተት በቀር ሁሉን አቃንቶ ተናገረ። ባርትሌት ግን ስዋዚዎች ለሁሉ ነገር ልዩ የማስታወስ ኀይል አላቸው አላለም፤ ከብት የሕይወታቸው መካከለኛ ነገር ስለ ሆነ አዲሱ ከብት ቀድሞ በልባቸው ባለው ዕውቀት ውስጥ ቦታ ያገኛል አለ። የዱብሉቅ አባት የመንጋውን ላም እያንዳንዷን ከነእናቷ የሚያውቀው፣ ልጁ ደግሞ የምዕራፉን ስሞች የሚረሳው ለዚህ ነው፤ ላሟ በቤት አለች፣ ስሙ ግን ከወረቀት በቀር ቤት የለውም።

ይህ ሽምደዳ አይደለምን?

«በቃል መናገር ማለት ሽምደዳ ነው፤ ሽምደዳ ደግሞ አገር ጐዳ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሽምደዳ የመጽሐፉን ቃል በመጽሐፉ ተራ መመለስ ነው፤ የተሸመደደውን ከመካከሉ ቢጠይቁት መልስ የለውም። እኛ የምንለው መናገር ግን ነገሩን በራስ ቃል ማስረዳትና ምሳሌ መስጠት ነው። በመጻሕፍት ቤት አንድን ቃል ከተረጐሙ በኋላ «አንድም» ብለው በሌላ መንገድ እንደ ገና ይተረጕሙታል፤ አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ማስረዳት የቻለ ሰው ቃሉን ብቻ አልያዘም። ስለዚህ ልጅህ ትምህርቱን ነግሮህ ሲጨርስ «አንድም በለው» ብትለው፣ ሽምደዳ ከሆነ በዚያ ይቆማል፤ ዕውቀት ከሆነ ይቀጥላል።

በሳይኮሎጂ ፈተና ተማሪ የሚወድቅበት አንዱ ቦታ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ስሞች ናቸው። መድኀኒቱ እያንዳንዱን ስም በአገሩ ካለ ነገር ጋር ማጋባት ነው። ጥቂት ምሳሌ እንስጥ።

«ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ» ሩሲያዊው ፓቭሎቭ በውሾች የመረመረው ነው፤ ምግብ ሲመጣ አብሮ የሚሰማ ድምፅ ውሎ አድሮ ምግቡ ባይኖርም የውሻውን ምራቅ ያመጣል። የዱብሉቅ ልጅ ውሻና ደወል ከሚያስብ ይልቅ፣ በጕድጓዱ ውስጥ ወንዶች ተደርድረው ባልዲ ሲቀባበሉ የሚያዜሙትን ዜማ የለመደ ከብት ውኃውን ሳያይ ድምፁን ሰምቶ ወደ ገንዳው ሲያዘነብል ቢያስብ ነገሩ አይጠፋበትም።

«ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት» ብዙ ተማሪ ከቅጣት ጋር ያደባልቀዋል። ቅጣት አንድን ሥራ ለማስቀረት ነው፤ ይህ ግን የማያስደስት ነገር በማንሣት አንድን ሥራ ማበርታት ነው። ፍየሎቹን በጊዜ ባወጣ ቀን የአባቱ ቍጣ የሚቀርለት ልጅ ነገም በጊዜ ያወጣል፤ ሥራው በረታ፣ ስለዚህ ቅጣት አይደለም።

«ፕሮአክቲቭ ኢንተርፈረንስ» ማለት የቀደመው ትምህርት አዲሱን ሲያውክ ነው። ኦሮምኛን በቁቤ ማንበብ የተማረ ልጅ ይህን በአንደበቱ ያውቀዋል፤ በቁቤ «ጥ» ተብላ የምትነበበው ፊደል በእንግሊዝኛ «ክስ» ትሆንበታለችና። አዲሱ የቀደመውን ሲያውክ ደግሞ ስሙ «ሪትሮአክቲቭ» ነው። ይህን አንድ ጊዜ በገዛ ራሱ ያየ ተማሪ ሁለቱን ስሞች አያፋልስም።

የጕድጓዱ ተራ

እንግዲህ ጥናቱ በቀናት እንዴት ይከፋፈል? ለዚህ ዱብሉቅ ራሷ መምህር ናት። በቱላ ጕድጓዶች ውኃ የሚቀዳው እንደ ተገኘ አይደለም፤ የማጠጣቱን ተራ የሚመራ «አባ ሄረጋ» የተባለ ኀላፊ አለ። በበጋ ከብቱ ቀን እያሳለፈ በተራው ይጠጣል። ማንም እረኛ የወር ውኃ በአንድ ቀን ላጠጣ አይልም፤ ቢልም ከብቱ አይቀበለውም። የልብም ነገር እንዲሁ ነው።

አንድ ምዕራፍ በተነበበ ዕለት ማታ ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ይናገር ወይም ይጻፍ፤ ከዚያ ገልጦ የጐደለውን ብቻ ያርም። በማግሥቱ ምንም ሳያነብ በፊት ያንኑ ይድገም። ከዚያ 3 ቀን አሳልፎ፣ ከዚያ ሳምንት አሳልፎ፣ ከዚያም 2 ወይም 3 ሳምንት አሳልፎ ይመለስበት። በየመካከሉ ሌሎቹ ምዕራፎች በተራቸው ይገባሉ። ያልተመለሰለትን ጥያቄ በአንድ ትንሽ ደብተር ይመዝግብ፤ የሚቀጥለው ጥናት የሚጀመረው ከዚያ ደብተር ነው። የወረቀት መግዣ ያጠረው ልጅ ጥያቄውን በአሮጌ ካርቶን ቍራጭ በአንድ ፊት፣ መልሱን በሌላው ፊት ይጻፍ፤ ቍራጮቹንም እንደ አቡጊዳ ያዘበራርቃቸው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከተገኙ ለመጨረሻው ሳምንት የሚቀመጡ አይደሉም፤ ከመጀመሪያው ጀምረው ይሞከሩ።

በዚህ ዘዴ ተማሪው መጀመሪያ ላይ ያፍራል። ትናንት ያወቀ የመሰለውን ዛሬ ያጣዋል፤ ያም ያናድደዋል። ይህ ንዴት የመልካም ጥናት ምልክት ነው፤ ጕድለቱን ከፈተናው አዳራሽ በፊት በቤቱ አገኘው ማለት ነውና።

የቤተ ሰቡ ድርሻ

ከሁሉ የሚበልጠው ቃላችን ለወላጆች ነው። «እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ልጄን በምን እረዳለሁ?» የምትል እናት ብዙ ናት። እናታችን ሆይ፣ ልጅሽ የሚያስፈልገው የሚያስተምረው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚሰማውም ሰው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው መጽሐፉ ሲዘጋ ከሚያነበው ጋር እኩል ይሆናል። ወጡን እያማሰልሽ «ዛሬ የተማርኸውን መጽሐፉን ዘግተህ ንገረኝ» ማለት ትችያለሽ። ሲናገር ሦስት ነገር ጠይቂው፤ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ? በእኛ ቤት ወይም በእኛ ከብት ምሳሌው የትኛው ነው? መልሱ ልክ ይሁን አይሁን ላታውቂ ትችያለሽ፤ የት እንደ ተንተባተበ ግን ታውቂያለሽ። «እዚህ ላይ ቆመሃል፤ ሄደህ እየው» ማለት በቂ ነው።

ቋንቋውም አያስፈራ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ግን ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ይሆናል። ነገሩን በእናቱ ቋንቋ አስረድቶ የጨረሰ ልጅ ነገሩ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ያንኑ በፈተናው ቋንቋ ይድገመው፤ ስሞቹንም በዚያው ቋንቋ ይጻፋቸው። ማስረዳቱ በአፍ መፍቻው፣ መልሱ በፈተናው ቋንቋ ይሁን። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ለሴት ልጅም ፍርድ ይገባል። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ታናናሾችዋን ስታዝል ውላ ማታ ብቻ መጽሐፍ የምትይዝ ልጅ ከወንድሟ ጋር እኩል ተፈትና እኩል ትመዘናለች። በፈተና ወራት ሥራዋን ለወንድሞችዋ ማካፈል ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። መንገድ ስትሄድም የካርቶን ቍራጮቿን ይዛ ራሷን ልትጠይቅ ትችላለች፤ ይህ ዘዴ ጠረጴዛ አይፈልግምና። ሥራው ግን ቢያንስ በዚያ ወር መቃለል አለበት።

እንቅልፍንም አትቀሙአቸው። በ1924 ዓ.ም. ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሊቃውንት በሁለት ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ አጥንቶ የተኛ ሰው አጥንቶ ነቅቶ ከዋለው ይልቅ በብዙ እንደሚያስታውስ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎችም እንቅልፍ ለማስታወስ የሚያስፈልግ መሆኑን አጽንተዋል። ስለዚህ ጫት እየቃሙ ማደር የጥናት ጀግንነት አይደለም፤ ጫት የሚሰጠው ንቃት የነገውን ንቃት ተበድሮ ነው፤ ብድሩም የሚጠየቀው በፈተናው ጧት ነው። «ሲያነብ አደረ» ብለን ከምንመካ «ነግሮኝ ተኛ» ብለን ብንመካ ለልጁ ይሻለዋል።

በመጨረሻም ስለ ውጤቱ አንድ ቃል። ፈተና የልጁን አንድ ዓመት ይመዝናል፤ ልጁን ራሱን አይመዝንም። 50 ያላገኘ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ በአባቱ ፊት የሚያየው ነገር ከውጤቱ ወረቀት ይልቅ በልቡ ይቀረጻል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ለብዙዎች ሁለተኛ በር ሆኖአል፤ ደግሞ መፈተንም አለ፤ የእጅ ሙያም አለ። የጠፋው ላም ተቈጥሮ መንጋው እንደ ገና እንደሚረባ የቦረና አባቶች ያውቃሉ፤ በልጃቸውም ላይ ይህንኑ ትዕግሥት ያሳዩ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለልጃችሁ «አንብበው» ብላችሁ አትስጡት። ራሳችሁ መጽሔቱን ዘግታችሁ ያስታወሳችሁትን ንገሩት፤ የረሳችሁትንም እርሱ ይጠይቃችሁ። ነገ ማታ ደግሞ ተራው የእርሱ ይሁን።